ኦኔሲሞስ፦ የስሙ ትርጉም፣ ታሪኩና አጻጻፉ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በቅርቡ ወንድ ልጅ እንጠብቃለን። ባለቤቴ የነቀምቴ ልጅ ናት፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው በኦኔሲሞስ ነሲብ ስም እንዲጠራ ትፈልጋለች፤ እኔም ስሙን ወድጄዋለሁ። አጎቴ ግን ‹የባሪያ ስም ነው፤ ለጨዋ ልጅ አይወጣም› ብለው ተቃወሙ። ሌላ ዘመዳችን ደግሞ ‹ኦኖስ› በግሪክኛ አህያ ስለሆነ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው አለን። መጽሐፍ ቅዱሱ አናሲሞስ ይላል፤ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ደግሞ በላቲን ፊደል መጨረሻው ‹ዩ ኤስ› መሆን አለበት ይላል። ትክክለኛ ትርጉሙ ምንድን ነው? በእርግጥ የባሪያ ስም ነው? የትኛውን አጻጻፍ እንያዝ?»

የአህያው ነገር ስሕተት ነው። «ኦኖስ» አህያ መሆኑ እውነት ቢሆንም ከስሙ ጋር ዝምድና የለውም። የስሙ ሥር «ኦኔ» ነው፤ ረጅሟን «ኤ» ይዞ። ግሡ «ኦኒኔሚ» ሲሆን መጥቀም፣ መርዳት፣ ማትረፍ ማለት ነው። ከግሡ «ኦኔሲስ» ይወጣል፤ ጥቅም፣ ረብ ማለት ነው። በዚህ ላይ ቅጽል የሚሠራው «ኢሞስ» የሚል ቅጥያ ሲጨመርበት «ኦኔሲሞስ» ይሆናል፤ ጠቃሚ፣ የሚረባ፣ ፋይዳ ያለው። አንዳንድ የስም ዝርዝር «የእግዚአብሔር ስጦታ» ብሎ ሲተረጉመው ብታዩ አትመኑ፤ ያ የቴዎድሮስ ትርጉም ነው። በኦኔሲሞስ ውስጥ አምላክም ስጦታም የለም።

ቃሉ ስም ከመሆኑ በፊት ተራ ቅጽል ነበር፤ ውርደትም አልነበረበትም። የጥንቱ ግሪካዊ ባለ ድራማ ሶፎክልስ «አያክስ» በተባለው ድራማው የጠላት ስጦታ ስጦታ እንዳልሆነና እንደማይጠቅም ሲናገር «ኦኔሲማ» የሚለውን ይህንኑ ቅጽል ይጠቀማል። ተናጋሪው ጦረኛ ነው፤ የሚናገረውም ጠላቱ ሄክቶር ስለ ሰጠው ሰይፍ ነው። ጠቃሚነት የጌታና የሎሌ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልተወለደም።

አሁን ወደ አጎትዎ ተቃውሞ። ግማሹ እውነት ነው፤ ያንን ግማሽ መሸፋፈን አያዋጣም። በግሪክና በሮም ዓለም ባሪያን የገዛ ሰው ስም ያወጣለት ነበር። አንዳንዱን በአገሩ ይጠራዋል፤ ሶርያዊውን «ሲሮስ»፣ ከልድያ የመጣውን «ሊዶስ» እያለ። ሌላውን ከእርሱ በሚጠብቀው ነገር ይጠራዋል፤ «ክሬስቶስ» (ደግ፣ የሚሠራ)፣ «ካርፖስ» (ፍሬ)፣ «ኤውቲኮስ» (ዕድለኛ)፣ «ኦኔሲሞስ» (ጠቃሚ)። ሮማውያን ባሪያው ከየትም ይምጣ ከየት የግሪክ ስም መስጠት ልማዳቸው ስለነበር በሮም በተገኙ የላቲን የመቃብር ጽሑፎች ላይ «ኦኔሲሙስ» የሚለው ስም ተደጋግሞ ይታያል። ባሪያው ነፃ ሲወጣ የጌታውን ሁለት ስሞች ወስዶ የድሮ ስሙን ሦስተኛ ያደርገዋል፤ የሮማዊው ፖለቲከኛ የማርኩስ ቱሊየስ ኪኬሮ ጸሐፊ የነበረው ቲሮ ማርኩስ ቱሊየስ ቲሮ የተባለው በዚህ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በሮም ዘመን «ኦኔሲሙስ» የተባለ ሰው ሲገኝ ባሪያ ወይም ባሪያ የነበረ ነው ብሎ መገመት ያስኬዳል።

ግምቱ የሚፈርሰው ወደ ኋላ፣ ወደ ግሪክ ሲኬድ ነው። በዚያው ሥር የተሠሩ ስሞችን መኳንንትም ይዘዋቸዋል። ኦኔሲሎስ በቆጵሮስ የሰላሚስ ንጉሣዊ ቤተ ሰብ ልጅ ነበር፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 498 ዓመት ገደማ ወንድሙን ጎርጎስን ከከተማው ዘግቶበት በፋርሶች ላይ አመፅ አስነሣ። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስ እንደሚተርከው በጦርነት ከሞተ በኋላ የሌላይቱ የቆጵሮስ ከተማ የአማቱስ ሰዎች ራሱን ቆርጠው በከተማቸው በር ላይ ሰቀሉት፤ ንብም ገብቶ ማር ሠራበት፤ እነርሱም በንግርት ታዘው ራሱን ቀበሩት፤ በየዓመቱም መሥዋዕት ያቀርቡለት ጀመር። ኦኔሲክሪቶስ ደግሞ ከታላቁ እስክንድር ጋር እስከ ሕንድ የዘመተና የመርከቡን መሪ የያዘ ሰው ነው። «ኦኔሲሞስ» የሚለውን ስም ራሱን የያዘ ደግሞ በአቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረ የሸክላ ሠዓሊ አለ፤ በፓሪስ ሉቭር ቤተ መዘክር በሚገኝ ጽዋ ላይ «ኦኔሲሞስ ሣለው» ብሎ ፈርሟል፤ ሸክላውን የሠራው ኤውፍሮንዮስ ነው። የእርሱ ሥዕል ነው የሚባለውንና የትሮይን ውድቀት የሚያሳየውን ትልቅ ጽዋ የካሊፎርንያው ጌቲ ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1999 ለጣልያን መልሷል። አጎትዎ የሚሉት በሮም ዘመን ብዙ ባሮች የያዙትን ስም ነው፤ ባሮች ብቻ የያዙት ስም ግን አልነበረም።

ስሙን ለክርስቲያኑ ዓለም ያስተዋወቀው የጳውሎስ መልእክት ወደ ፊልሞና ነው፤ 25 ቁጥር ብቻ ያላት አጭር ደብዳቤ። ጳውሎስ በእስር ሆኖ ፊልሞና ለተባለ የቤት ጌታ ስለ ባሪያው ስለ አናሲሞስ ይጽፋል። እዚህ ላይ ትርጉም የሚደብቀው ነገር አለ። በቁጥር 11 ቀድሞ የማይጠቅምህ ነበር፤ አሁን ግን ለአንተም ለእኔም የሚጠቅም ነው ይላል፤ ግሪክኛው «አክሬስቶስ» እና «ኤውክሬስቶስ» የሚሉ ሁለት ተቃራኒ ቃላት ነው የሚያስቀምጠው፤ ሁለቱም የአናሲሞስን ስም ትርጉም ይነካሉ። በቁጥር 20 ደግሞ ጳውሎስ ወደ ራሱ ወደ ፊልሞና ዞሮ «እኔም ካንተ ልጠቀም» ሲለው «ኦናይሜን» ይላል፤ ይህ ስሙ የወጣበት ግሥ ራሱ ነው። ጠቃሚ ተብሎ የተሰየመው ባሪያው ነበር፤ ደብዳቤው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጥቅም የሚጠየቀው ጌታው ሆኗል። በመካከል፣ በቁጥር 16፣ ከባሪያ የሚሻል የተወደደ ወንድም አድርገህ ተቀበለው ይለዋል። በቁጥር 18 እና 19 ደግሞ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በእጁ ይጽፋል። ለአጎትዎ ከሰው ክርክር ይልቅ እነዚህን ቁጥሮች አብራችሁ ብታነቡላቸው ይሻላል፤ ስሙ የሚታወቀው በባርነቱ ሳይሆን በዚህ ደብዳቤ ነውና።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ላርም። «የኮበለለ ባሪያ» ሲባል ደጋግመን ሰምተናል፤ ደብዳቤው ግን ኮበለለ የሚል ቃል የለውም። ቁጥር 15 ለጊዜው ተለየህ ይላል፤ ቁጥር 18 በድሎህ ወይም ዕዳ ኖሮበት እንደ ሆነ ይላል፤ ከዚህ ያለፈ የለም። የኩብለላው ታሪክ ዮሐንስ አፈወርቅን የመሰሉ የቀደሙ መምህራን ደብዳቤውን የተረዱበት መንገድ ነው። ከጌታው ጋር ተጣልቶ አስታራቂ ፍለጋ ወደ ጳውሎስ ሄዶ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ወደ ቆላስይስ ሰዎች በተጻፈው መልእክት 4፥9 ላይ «የታመነና የተወደደ ወንድም» ተብሎ፣ የዚያው ከተማ ሰው መሆኑ ተጠቅሶ ከቲኪቆስ ጋር ይላካል።

ከዚያ በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአንጾኪያው አግናጥዮስ ለሰማዕትነት ወደ ሮም ሲወሰድ ለኤፌሶን ክርስቲያኖች በጻፈው መልእክት የከተማቸውን ጳጳስ ኦኔሲሞስን እያመሰገነ ይጠራዋል፤ እርሱም «ልጠቀምባችሁ» ሲል ያንኑ «ኦናይሜን» ይጠቀማል። ጳጳሱ የፊልሞናው ባሪያ ነው የሚል ሐሳብ ከዚህ ተነሥቷል። በዕድሜ ሊገጥም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ60 ገደማ የ20 ዓመት ወጣት ከነበረ አግናጥዮስ ሲጽፍ 70 ገደማ ይሆነዋል። ስሙ የተለመደ ስለነበር ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑም ይችላሉ። ለልጃችሁ «ባሪያ የነበረ፣ በኋላ ጳጳስ የሆነ» ብላችሁ ስትነግሩት «ይባላል» የምትለዋን ቃል አትተዉ።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር በዓሉ በስንክሳራችን የካቲት 21 ነው። ግሪኮች በፌብሩዋሪ 15 ያከብሩታል። ልዩነት ይመስላል፤ በአሮጌው በዩልዮስ አቆጣጠር ግን የካቲት 21 እና ፌብሩዋሪ 15 አንድ ቀን ናቸው። አሮጌውን አቆጣጠር የያዙት ሩሲያውያን ዛሬም በአዲሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 28 ያከብሩታል፤ የእኛም የካቲት 21 በአብዛኛው ዓመት በዚያው ቀን ይውላል።

ስሙ ከግሪክ ሲወጣ እንደየአገሩ ተለዋውጧል። ሩሲያውያን ኦኒሲም፣ በንግግር አኒሲም ይሉታል፤ አኒሲሞቭ የሚለው የቤተ ሰብ ስም ከዚያ ነው። ፈረንሳዮች «ስ»ን ወደ «ዝ» ቀይረው ኦኔዚም ይላሉ፤ «ፍራንኮፎኒ» (የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዓለም) የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1880 የፈጠረው የጂኦግራፊ ሊቅ ኦኔዚም ሬክሉ ነው። ስፔኖች ኦኔሲሞ ይላሉ። በዛሬይቱ ግሪክ ግን ስሙ አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማ ነው፤ አነባበቡም ኦኒሲሞስ ሆኗል፤ ምክንያቱም የጥንቱ ረጅም «ኤ» በጊዜ ብዛት ወደ «ኢ» ተለውጧል።

የአጎትዎን ስጋት በቁም ነገር መውሰድ የሚገባው በአሜሪካ ታሪክ ምክንያትም ነው። በቦስተን የነበረ አንድ አፍሪካዊ ባሪያ እ.ኤ.አ. በ1706 ኮተን ማዘር ለተባለ ፓስተር በምእመናኑ ተሰጠ፤ ፓስተሩም ከፊልሞና መልእክት ወስዶ ኦኔሲሙስ አለው። ይህ ሰው በአገሩ ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ጥቂት ወስዶ የጤነኛን ቆዳ ጭሮ መከተብ የተለመደ እንደሆነ፣ እርሱም እንደተከተበ ለማዘር ነገረው። እ.ኤ.አ. በ1721 ፈንጣጣ ቦስተንን ሲመታ ሐኪሙ ዛብዲል ቦይልስተን በማዘር ገፋፊነት ወደ 240 የሚጠጉ ሰዎችን ከተበ፤ 6 ሞቱ። በተፈጥሮ ከታመሙት ከ5,800 በላይ ሰዎች ግን 844 ሞተዋል፤ ከመቶ 14 ገደማ። ጌታው «ጠቃሚ» ሲለው ያሰበው ስለ ራሱ ቤት ነበር፤ የጠቀመው ግን ከተማውን ነው። እንዲህም ሆኖ ስሙ በጌታ ፈቃድ የተለጠፈበት መሆኑን አንክድም።

የኦኔሲሞስ ነሲብ ታሪክ ደግሞ ባለቤትዎ ከሚያውቁት ጋር ሊገጥም ይገባል። በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለደ፤ የትውልድ ስሙ ሂካ ነው። በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተይዞ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ በ1870 ምጽዋ ላይ ስዊዘርላንዳዊው ቬርነር ሙንዚንገር ነፃ አውጥቶ ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሰጠው። ማርች 31 ቀን 1872 በፋሲካ ዕለት ተጠመቀ (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከባርነት የወጣ ልጅ በፊልሞናው ባሪያ ስም ተጠራ። በስዊድን ዮሃነሉንድ ተምሮ ተመለሰ፤ ከአስቴር ጋኖ እገዛ ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ በግእዝ ፊደል ተረጎመ። አዲስ ኪዳን በ1893 በምጽዋ አቅራቢያ በምንኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በስዊዘርላንድ ቅድስት ክሪሾና ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምቴ ገብቶ አስተማረ፤ እዚያው በሰኔ 1931 ዐረፈ። በወለጋ «አባ ገመቺስ» እየተባለም ይጠራል።

ይህን የዘረዘርኩት ምርጫችሁን ስለሚያሰፋው ነው። «ሂካ» በአፋን ኦሮሞ ከመፍታትና ከመተርጎም ግሥ የወጣ ስም ነው፤ ዕድሜውን በመተርጎም ላሳለፈ ሰው የሚገጥም ስም እናቱና አባቱ ቀድመው ሰጥተውታል። አጎትዎ በምንም ካልተረቱ፣ ዓላማችሁም ሰውየውን ማክበር ከሆነ፣ ልጁን ሂካ ማለት ክብሩን አይቀንስም። በሁለት ፊደል ይጻፋል፤ በየትኛውም ቋንቋ ለመጥራት አያስቸግርም። ሁለቱን ስሞች ደርቦ በአንድ መዝገብ ላይ መጻፍ ግን አልመክርም፤ በአገራችን ሥርዓት ከልጁ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባትና የአያት ስም ስለሆነ ሁለተኛው ስም እንደ አባት ስም ይቆጠርና ውጣ ውረድ ያመጣል።

ወደ አጻጻፉ እንምጣ። አናሲሞስ፣ ኦኔሲሞስ እና ኦኒሲሞስ አንድ ስም ናቸው። አናሲሞስ የመጽሐፍ ቅዱሳችንና የስንክሳሩ አጻጻፍ ነው። ኦኔሲሞስ ለጥንቱ ግሪክኛ ድምፅ ይቀርባል፤ ኦኔሲሞስ ነሲብም የሚታወቀው በዚህ ነው። ኦኒሲሞስ የዛሬው የግሪክ አነባበብ ነው፤ ለኢትዮጵያ ልጅ ለመምረጥ ምክንያት አይታየኝም። ኦነሲሞስና ኦኔስሞስ የሚሉት ከመስማት የሚመጡ ልዩነቶች ናቸው፤ ተዉአቸው። «ሲ» በእሳቱ ሰ ይጻፍ ወይስ በንጉሡ ሠ ብላችሁ አትጨነቁ፤ በሰ ጻፉት፤ በአንዱ ወረቀት ላይ ሰ፣ በሌላው ላይ ሠ ሆኖ እንዳይገኝ ብቻ ተጠንቀቁ። ስትጠሩት «ኔ» ላይ ጠበቅ አድርጉት፤ በግሪክኛ ጫናው የሚያርፈው እዚያ ነው። በፈጣን ንግግር «የኦኔሲሞስ» የሚለው «ዮኔሲሞስ» ሆኖ ስለሚሰማ መዝጋቢው «ዮ» ብሎ እንዳይጀምረው ስሙን ለብቻው ነጥላችሁ አስጽፉ።

በላቲን ፊደል ጉዳይ ወንድምዎ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ የያዙት የላቲኑን መልክ ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ«ዩ ኤስ» የሚጨርሰው የላቲኑን ወግ ተከትሎ ነው። የግሪኩ መጨረሻ ግን «ኦ ኤስ» ነው፤ የአማርኛውም «ሞስ» ከእርሱ ጋር ይሄዳል፤ ኦኔሲሞስ ነሲብም በውጭ ጽሑፎች በብዛት የሚታየው በ«ኦ ኤስ» ነው። በ«ዩ ኤስ» ከተጻፈ ልጁ በእንግሊዝኛ አገር «ኦኔሲመስ» ተብሎ ይጠራል፤ አማርኛውና ፓስፖርቱ ሁለት ስም የያዙ ይመስላሉ። ስለዚህ በስምንት ፊደል ጻፉት፦ ኦ፣ ኤን፣ ኢ፣ ኤስ፣ አይ፣ ኤም፣ ኦ፣ ኤስ። «ኤስ»ን አትድገሙ፤ «ኢ»ንም በ«አይ» አትለውጡ።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ስሙን አውጡለት፤ በመዝገብ ኦኔሲሞስ ብላችሁ ጻፉት። ትርጉሙ መልካም ነው፤ ታሪኩም ከባርነት ጀምሮ ወደ ወንድምነት የሚሄድ ነው፤ ባለቤትዎም የመረጡት ለአገራቸው ሰው ክብር ነው። አጎትዎን ግን ሳታሳምኑ አትለፉ፤ «ባሪያ» የሚለው ቃል በአገራችን እስከ ቅርብ ዘመን ሰው ያቆሰለ ነውና የሚሉት ከንቱ ጥላቻ ላይሆን ይችላል፤ ልጁም ነገ በሰፈር ያንኑ ቃል ሊሰማ ይችላል። መልሱን ከትንሽነቱ ጀምሮ ይወቅ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት የምታስጠምቁት ከሆነ ደግሞ የክርስትና ስሙ በ40 ቀኑ ለብቻው የሚሰጥ ስለሆነ አናሲሞስ እንዲባል ካህኑን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ያ ከመዝገቡ ስም ጋር አይጋጭም።

ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ከሆስፒታል የሚሰጠው የልደት ማሳወቂያ፣ የክትባት ካርዱ፣ የልደት የምስክር ወረቀቱና በኋላ ፓስፖርቱ በአማርኛም በላቲንም አንድ አጻጻፍ መያዝ አለባቸው። ወደ መዝገብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ስሙን በሁለቱም ፊደል በትልቁ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙና ለመዝጋቢው ስጡት፤ በቃል ብቻ አትንገሩ። ምስክር ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት፤ ከታተመ በኋላ አንዲት ፊደል ለማስተካከል ማመልከቻና ማስረጃ ይጠየቃል።